በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፦ ስለሚጥል በሽታ መድኃኒትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ

በጉለሌ ለክሊኒክ ተገልጋዮች የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ተራችሁን በምትጠባበቁበት ሰዓት ዘወትር የምናነጋግራችሁ ልጆችን አራርቆ ስለመውለድ፣ ስለ እንክብሉ፣ ስለ መርፌውና ስለ ሉፑ ነው። ዛሬ ግን ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚገናኝ፣ ሆኖም በብዙ ቤት በሹክሹክታ ብቻ የሚነሣ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም የሚጥል በሽታና መድኃኒቱ ነው።

«የሚጥል በሽታ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘው መድኃኒቱ ነው። የሚጥል በሽታ በመድኃኒት ሊገታ ይችላል። በሽታው ያለበት ሰው እንደማንኛውም ሰው ሠርቶ ያድራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ነገር ግን ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ የወሊድ መከላከያውን ኃይል ያዳክማሉ፤ አንዳንዶቹም በማኅፀን ያለን ፅንስ ይጎዳሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሐኪም ስለ ወሊድ መከላከያው፣ መከላከያውን የምትሰጠው ነርስ ደግሞ ስለ መድኃኒቱ ማወቅ አለባቸው። ለሁለቱም የምትነግሩ እናንተ ናችሁ።

የሚጥል በሽታ ምንድን ነው?

አንጎላችን ስፍር ቁጥር በሌላቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት እጅግ አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። በገበያ መካከል ሰው ሁሉ ተራ በተራ ሲነጋገር ሥራ ይሠራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጮህ ግን ማንም ማንንም አይሰማም። በሽታው ሲነሣ በአንጎል ውስጥ የሚሆነውም ይህንኑ ይመስላል። ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ መልእክት ይለቃሉ። በዚያን ጊዜ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ ግን አይወድቅም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ዓይኑን አፍጦ ይቀራል፣ ወይም አንድ እጁ ብቻ ያለፈቃዱ ይንቀሳቀሳል። ይህም ቢሆን የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መነገር አለበት።

መነሻው ልዩ ልዩ ነው። በወሊድ ጊዜ በሕፃኑ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ እንደ ማጅራት ገትር ያለ በሽታ፣ በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ የሚደርስ የጭንቅላት ጉዳትና የአንጎል ደም ሥር በሽታ ከመነሻዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። በብዙ ሰዎች ላይ ግን መነሻው ተፈልጎም አይገኝም።

አንድ ነገር በእርግጠኝነት ይታወቃል፤ በሽታው አይተላለፍም። በለሃጩ፣ በአረፋው፣ በትንፋሹ፣ አብሮ በመብላትም ሆነ አብሮ በመተኛት አይጋባም። የወደቀን ሰው «ይይዘኛል» ብሎ ሸሽቶ መተው ሰውየውን ለሞት ሊያጋልጠው ይችላል። ለልጅ ይወረሳል ብላችሁ ለምትሰጉም፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ወላጆች የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች በሽታው አይኖርባቸውም።

በሽታው የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ይገልጻል። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አጥንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ይህ ጥናት ከ1,000 ሰዎች መካከል 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን በጥናቱ ከተገኙት ሕሙማን መካከል ተገቢውን መድኃኒት አግኝተው ያውቁ የነበሩት ከመቶ 2 እንኳ አለመሙላታቸው ነው። ዛሬ በከተማ ለምትኖሩት ሐኪሙም መድኃኒቱም የቀረበ ነው። የሚያስቀረን አብዛኛውን ጊዜ እፍረት ነው።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

በአገራችን ለብዙ ጊዜ ሲያገለግል የኖረው ፌኖባርቢታል ነው። በዓለም ላይ ለዚህ በሽታ ማገልገል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን ዋጋው ርካሽ ነው። አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበት የተፈጥሮ ፍሬን አለው፤ ፌኖባርቢታል ያንን ፍሬን ያጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1938 ሥራ ላይ የዋለው ፌኒቶይንና ከእርሱ በኋላ የመጣው ካርባማዜፒን ደግሞ ሕዋሳቱ ያለማቋረጥ መልእክት እንዳይለቁ በራቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ከእነዚህ ሌላ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም የሚባሉ አሉ። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው የበሽታውን ዓይነት የመረመረው ሐኪም ነው። ለጎረቤት የተስማማው ለእናንተ ላይስማማ ስለሚችል መድኃኒት አትዋዋሱ።

ተገቢውን መድኃኒት በትክክል ቢወስዱ ከ10 ሕሙማን እስከ 7 የሚሆኑት በሽታው ሳይነሣባቸው መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። መድኃኒቱ ግን ሥራውን የሚሠራው መጠኑ በደም ውስጥ ሳይጎድል ሲቆይ ብቻ ነው። በሽታው በተነሣ ዕለት ብቻ የሚዋጥ የራስ ምታት ክኒን አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1ኛ/ በየቀኑ በተወሰነው ሰዓት ውሰዱ። «ስድስት ወር ሙሉ አልጣለኝም፤ ድኛለሁ» ብሎ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ያልጣለው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው። በድንገት ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየተከተለ ሊነሣ ይችላል፤ ይህም ለሕይወት ያሰጋል።

2ኛ/ መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለማስሞላት ሂዱ። ከከነማም ሆነ ከሌላ መድኃኒት ቤት ባይገኝ የምትፈልጉበት ጊዜ ይኖራችኋል።

3ኛ/ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊል፣ ራስ ሊያዞር ይችላል። ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

4ኛ/ ጾም የያዛችሁ እንደሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ፌኖባርቢታል አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ ማታ ስለሚወሰድ ከዐቢይ ጾምም ሆነ ከረመዳን ጋር አይጋጭም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደውንም ሐኪሙ ሰዓቱን ሊያስተካክልላችሁ ይችላል። በራሳችሁ ግን አትዝለሉ።

5ኛ/ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ በሽታውን ይቀሰቅሳሉ። ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ቤት ስታመሹ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አረቄውንም ተዉት።

ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ በሽታው ሳይነሣ ከቆየ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ማቆም ይቻል እንደሆነ ይመለከታል። ውሳኔው ግን የእርሱና የእናንተ የጋራ ነው።

ጠበልና መድኃኒት

እኛ የጉለሌ ሰዎች እንጦጦን ተንተርሰን የምንኖር ነን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ዳገት ፈውስ ፍለጋ ወደ ጠበል የሚወጣውን ሕዝብ በየማለዳው እናያለን። ማንንም ከእምነቱ አናርቅም። የምንለምነው መድኃኒቱ በቤት እንዳይቀር ብቻ ነው።

ይህ ጥያቄ በእንጦጦ ጠበል ቀደም ሲልም ተነሥቶ ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖቻችን ወደ ጠበሉ ሲሄዱ መድኃኒቱን ማቆም አለባቸው የሚሉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስረድተዋል። የተናገሩት ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ቢሆንም ነገሩ ለሚጥል በሽታ ሕሙማንም ይሠራል። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ ማታ መድኃኒታችሁን ዋጡ። አጠገባችሁ ሰው ሳይኖር ግን አትጠመቁ፤ ውኃ ውስጥ መውደቅ ያሰጋልና።

የትኛውን የወሊድ መከላከያ እንምረጥ?

እዚህ ላይ በተለይ ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን።

ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበትን ያነቃቃሉ። የነቃው ጉበት ሥራውን ያፋጥንና በወሊድ መከላከያው ውስጥ ያለውን ሆርሞን ከጊዜው በፊት ፈጭቶ ያስወግደዋል። እናቲቱ እንክብሏን አንድ ቀን እንኳ ሳትዘነጋ ብትውጥም ልታረግዝ ትችላለች። ባልም «ክኒኑን አልዋጥሽም» ብሎ ይቆጣል፤ እርሷም ምን እንደሆነ አታውቅም። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ሁለቱ መድኃኒቶች እንደማይስማሙ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

እነዚህን ሦስት መድኃኒቶች ለሚወስዱ እናቶች መከላከያዎቹ እንደሚከተለው ይታያሉ።

በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል ኃይሉ ስለሚቀንስ አይመረጥም። ይህ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠውንም እንክብል ይጨምራል።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። አስቀድማችሁ አስቀብራችሁ ከሆነ በድንጋጤ አታስወጡት። መጥታችሁ አማክሩን፤ እስከዚያው ግን ኮንዶም ጨምሩ።

የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዲፖ ፕሮቬራ፣ በእነዚህ መድኃኒቶች ኃይሉ አይቀንስም። የቀጠሮው ቀን እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

ሉፕም በማኅፀን ውስጥ ሆኖ ስለሚሠራ የጉበቱ ሥራ አይነካውም። በመዳብ የተሠራው ሆርሞን ጭራሹኑ የለውም፤ ለብዙ ዓመትም ያገለግላል።

ኮንዶምም ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም፤ ከአባለ ዘር በሽታም ይጠብቃል። ልጅ ይበቃናል ብላችሁ የወሰናችሁ ባልና ሚስት ደግሞ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚደረገውን ዘላቂ ዘዴ ልትመርጡ ትችላላችሁ።

በድንገተኛ ጊዜ የሚወሰደው፣ በተለምዶ ፖስት ፒል የምትሉት፣ እርሱም ይዳከማል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ወደ ክሊኒክ ኑ፤ የመዳብ ሉፕ በዚህም ጊዜ ያገለግላል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒታችሁ ከቆመ በኋላም ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው እስኪመለስ አራት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚህም ጊዜ ጥንቃቄው አይጓደል።

ላሞትሪጂን የምትወስዱ እናቶች ጉዳያችሁ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የላሞትሪጂንን መጠን ከደም ውስጥ ይቀንሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ተገትቶ የነበረው በሽታ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ እንክብል ከመጀመራችሁም ሆነ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ልጅ መውለድ ስትፈልጉ

የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት መውለድ አትችልም የሚባለው እውነት አይደለም። ከእነዚህ እናቶች አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ዋናው ነገር እርግዝናው ታቅዶ መምጣቱ ነው። የቤተሰብ ምጣኔ ማለት መውለድን መከልከል አለመሆኑን ደጋግመን የምንነግራችሁ ለዚህ ነው። በተዘጋጃችሁበት ጊዜ መውለድ ማለት ነው።

በተለይ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ዴፓኪን በሚባልም ስም የሚታወቀው፣ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በእርግዝና ጊዜ ይህን መድኃኒት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይኖርባቸዋል፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ ዕድገታቸው፣ በንግግራቸው ወይም በትምህርታቸው ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች እንዳይታዘዝ ይመክራል። ይህን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስተማማኝ መከላከያ ያዙ፤ ከማርገዛችሁ በፊትም በሌላ መለወጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ባልም ይህንኑ የሚወስድ ከሆነ ልጅ ከመታሰቡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ማንኛውንም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱና ለማርገዝ ያሰባችሁ እናቶች ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚን ከእርግዝናው አስቀድማችሁ መጀመር ይገባችኋል። መጠኑን ሐኪሙ ይወስንላችኋል።

ሳታስቡት ካረገዛችሁስ? መድኃኒቱን በገዛ እጃችሁ አታቁሙ። በእርግዝና ጊዜ በሽታው በርትቶ ቢነሣ እናትንም ፅንስንም ይጎዳል። በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ሂዱ። የእርግዝና ክትትላችሁን አታጓድሉ፤ የምትወልዱትም በጤና ተቋም ይሁን። ከወለዳችሁ በኋላ ጡት ማጥባት አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም። ፌኖባርቢታል የምትወስድ እናት ሕፃኑ እንቅልፍ ካበዛና ጡት ለመጥባት ከሰነፈ ለጤና ባለሙያ ትንገር። ሌሊት ሌሊት ሕፃኑን ማባበል እንቅልፍ ስለሚነሣ ባል ተራ ይግባላት።

ለባልና ለሚስት

አሁን የምንናገረው ለሁለታችሁም ነው። አንዲት ሙሽራ በሽታውን ከባሏ ሸሽጋ ገባች እንበል። መድኃኒቱን በቆርቆሮ ደብቃ ታስቀምጣለች። አማቷ እንግድነት ሲመጡ ማውጣት አትችልም፤ አንድ ቀን ይዘለላል፣ ሁለት ቀን ይዘለላል። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ላይ ትወድቃለች። መደበቋ ምሥጢሩን አልጠበቀላትም፤ እጇን ግን አቃጠለባት። ወንዱም እንዲሁ ነው። መርካቶ ሸክም ሲያነሣ ወይም ከሸማ ሥራው ላይ እንዳለ ቢጥለው፣ አጠገቡ ያለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው አስቀድሞ የነገረው እንደሆነ ብቻ ነው።

ሚስትህ ብትነግርህ፣ አንተ ባል፣ «ለምን ሸሸግሽኝ?» ብለህ አትነሣባት። የነገረችህ ስላመነችህ ነው። የቀጠሮዋን ቀን ያዝላት፣ ማታ መድኃኒቷን መዋጧን ጠይቃት፣ ሐኪም ዘንድ አብረሃት ሂድ። አንቺም ሚስት፣ ባልሽ ታማሚ ከሆነ እንዲሁ አድርጊለት። በሽታው የፍቺ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በቤት ውስጥም እሳቱን ከፍ ባለ ቦታ ማድረግ፣ ሲጋግሩ ሰው አጠገብ መኖሩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር አለመቆለፍ ትንንሽ ነገሮች ቢመስሉም ከአደጋ ያድናሉ።

በሽታው ሲነሣ

በአጠገቡ ያለውን እሳት፣ ስለትና ድንጋይ አርቁ። ከራሱ ሥር ልብስ አጥፋችሁ አድርጉ። አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ አላሉ። መንቀጥቀጡ እንደቆመ በጎኑ አስተኙት። በጥርሱ መካከል ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፤ እየተንቀጠቀጠ አትጫኑት፤ ውኃ አታጠጡት። ክብሪት ለኩሶ ጭሱን ማሽተት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በሽታውን አያቆመውም፣ ትንፋሽን ያውካል፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከተነሣበት ወይም እርጉዝ ሴት ከሆነች ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ወዴት እንሂድ?

በመጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እዚያው ታክመው የሚረዱ ብዙዎች ናቸው። ከፍ ያለ ምርመራ ያስፈለገው ሰው ሪፈር ተጽፎለት ይላካል። እዚሁ በጉለሌ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ወደ መርካቶ አቅጣጫ ያለው አማኑኤል ሆስፒታልም የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት ሲያክም ቆይቷል። አማኑኤል ሄደ መባልን አትፍሩ፤ የሄደ ሰው መድኃኒት ይዞ ይመለሳል።

የተከበራችሁ ባለትዳሮች፣

ለቤተሰብ ምጣኔ ስትመጡ ካርዳችሁን የምታወጣው ነርስ «የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ብላ ትጠይቃችኋለች። ጥያቄው ለወግ የሚጠየቅ እንዳይመስላችሁ። ያልጠየቀቻችሁም እንደሆነ እናንተው ንገሯት። የመድኃኒቱ ስም ከጠፋችሁ ባዶውን ማሸጊያ ወይም ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ። በሰው ፊት መናገር ከከበዳችሁ «ለብቻ ላናግርሽ» በሏት፤ በር ዘግታ ታዳምጣችኋለች፤ ምሥጢራችሁንም ትጠብቃለች። ሐኪማችሁ ዘንድ ስትሄዱም የምትጠቀሙበትን መከላከያ ንገሩት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ዛሬ መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱም ስለዚሁ ጉዳይ ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።